ያልደረስነው ለቅሶ

ከጌዶ ከተማ በስተ ሰሜን ባሕር ዛፍ የከበባት ጉብታ አለች። ስም ያላት አይመስለኝም። እኛ በካርታ ቁጥሯ ነበር የምንጠራት፤ አገሬው ደግሞ ዝም ብሎ «ጋራው» ይላታል። መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሻለቃ ጦራችን ከአምቦ ተነሥቶ እሷ ላይ እንዲሰፍር ታዘዘ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ የነቀምትን መንገድ ያዙ፣ ጠላት ወደ አምቦ እንዳያልፍ። ጠላት ከየት በኩል እንደሚመጣ ግን ያዘዙንም አያውቁም። ያንን ማወቅ የኛ ሥራ ሆነ።

«የኛ» ስል የመረጃ ክፍሉን ማለቴ ነው። ሦስት ነበርን። አለቃችን መቶ አለቃ ጌታሁን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲያስብ ጥፍሩን የሚነክስ። አሥር አለቃ ቶሎሳ የካቺሲ ልጅ ነው። ካቺሲ ከኛ በስተ ሰሜን፣ በእግር ገደሉን ወርዶ ወጥቶ የሚደረስባት የገበያ ከተማ ናት። ቶሎሳ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል፣ አማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ሰው ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ሃምሳ አለቃ ደሳለኝ፣ አምቦ ተወልጄ ያደግሁ።

የልጅ ልጆቼ ስለላ ሲባል ጥቁር መነጽር ያጠለቀ፣ የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ የቀለበሰ ሰው ነው የሚታያቸው። «ሽጉጥህን የት ነበር የምትደብቀው?» ይሉኛል። እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት የደበቅሁት ነገር ቢኖር ሲጋራዬን ነው፤ ለማኙ ብዙ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥራው በኔ ዕድሜ ውስጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ስቀጠር መረጃ ማለት ዓይን ነበር። ምሥራቅ ሜዳ ላይ የጎማ ዱካ እያየን፣ የግመል ፋንድያ በእጃችን እየፈረፈርን ጠላት መቼ እንዳለፈ እንገምት ነበር። ከዚያ የውጭ አገር አስተማሪዎች መጡ። ሰው መመልመልን፣ የመለመሉትን ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥር መጥራትን፣ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቅ ማድረግን ተማርን። ሰሜን ስንዘምት ዘመኑ የሬዲዮ ሆነ። ማዳመጫ የደፋ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የጠላትን ወሬ ከአየር ላይ ሲለቅም ያድራል፤ ጠላትም የኛን ይለቅማል። መለቃቀማችንን ሁለታችንም ስናውቅ ሬዲዮ ላይ ቁም ነገር የሚያወራ ጠፋ። ያን ጊዜ ዞረን ሰው ላይ ወደቅን።

ጌዶ ላይ ያ ሰው ሸምሱ ነበር።

አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው እዚያ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እሱ ተወልዶ ያደገው ጌዶ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ኮንጎ ጫማና ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ከኛ ጋር ለመሥራት ሲስማማ ምንም አልጠየቀንም። «ልጄን ለውትድርና ወስዳችሁታል» አለ። «ያለበትን አላውቅም። እዚያም እንደኔ ያለ ባለ ሱቅ ይኖራል፤ እሱ ለልጄ ይንገር፣ እኔ ለእናንተ ልንገር።»

አሠራሩ ቀላል ነበር። ገጠር ያለ ሰው ለሬዲዮው በወር አንድ ጥንድ ባትሪ ድንጋይ ቢገዛ ነው። ያው ሰው በአንድ ገበያ አንድ ሙሉ ፓኮ ከገዛ ቤቱ እንግዳ አለ ማለት ነው። ጨው ከወትሮው ሲበዛ፣ የጎልማሳ ቁጥር ኮንጎ ሲፈለግ እንዲሁ። ገዢው ከየት መንደር እንደመጣ ሸምሱ ፊቱን አይቶ ያውቃል። እኔና ቶሎሳ በየቀኑ ሲጋራ ልንገዛ ሄደን የጨው ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። ሸምሱ ሰው እየሰማ፣ እንደ ማንኛውም ነጋዴ ያማርራል። «የምዕራብ ሰው ባትሪ ጨረሰብኝ እኮ!» ይላል። ወይም «የካቺሲ ሰው ዘንድሮ ጨው ተወ እንዴ?» ይላል። ቶሎሳ ይስቃል፣ እኔ ሲጋራዬን እለኩሳለሁ፣ መቶ አለቃው ማታ ካርታው ላይ ያሰፍራል። ሸምሱ የኛ ሰው መሆኑን ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አዛዣችን ሻለቃ በላቸው እንኳ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ ነው።

ሱቁ ደጃፍ ላይ እናቱ ይቀመጡ ነበር። ከተማው «ሃዸ ሸምሱ» ይላቸዋል፤ የሸምሱ እናት ማለት ነው። ጌዶ ብርዷ አይጣል ነው፤ ጉሙ ቀትር ላይ እንኳ አይለቅም። አሮጊቷ ወታደር ባለፈ ቁጥር ጋቢያቸውን ሰብሰብ እያደረጉ «በረዳችሁ ልጆቼ» ይላሉ። ቶሎሳን ደግሞ ለይተው «አካም ቡልተ፣ ኢልማኮ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ ልጄ። እሱም ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳይስም ወደ ሱቁ አይገባም።

አሮጊቷ በገበያ ቀን ሞቱ። ገበያው ተፈታ። ነጋዴው ሱቁን ዘጋ፣ እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወደዚያው ጎረፈ። አዛዣችን ደግ ሰው ነበሩ፤ የሕዝብ ለቅሶ አያልፋቸውም። በግ አስገዝተው፣ ወታደሩ ተራ በተራ እንዲደርስ አዘዙ።

«እናንተ ሁለታችሁ አትሄዱም» አለን መቶ አለቃ ጌታሁን።

ቶሎሳ የሚቀልድ መሰለው። «መቶ አለቃ፣ ወጥ ቤቱ እንኳ ሸሚዙን አጥቦ እየሄደ ነው እኮ።»

«ወጥ ቤቱ ሰውየውን አያውቀውም። እናንተ ታውቁታላችሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፊቱን መቆጣጠር አይችልም። አንገታችሁን አቅፎ ቢያለቅስስ? ከሰው ሁሉ መርጦ አጠገቡ ቢያስቀምጣችሁስ? የሚያይ ዓይን አይጠፋም።»

«የማንሄደውም እኮ እንታያለን!» አለ ቶሎሳ። ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «ሃዸ ሸምሱ ሞተው እኔ ጋራ ላይ ልቀመጥ? ምን ይሉኛል? ሰው አይደለም ይሉኛል።»

«ሰው አይደለም ይበሉህ፤ ሸምሱ በሕይወት ይኑር።»

መቶ አለቃው ይህን ያለው ከጭካኔ አልነበረም። ሰሜን ሳለ አንድ ገበሬ ይሠራለት ነበር። አንድ መኮንን ገበሬው ልጁን ሲድር ሄዶ ጠላ ጠጣ። በሳምንቱ ገበሬውን በር ላይ ገድለውት አገኙት። ይህን ሲነግረን ድምፁ ተሰበረ። የተማርነው ሁሉ ከሱ ጋር ነበር። የምናውቀው አገር ግን ከቶሎሳ ጋር ነበር።

ድንኳኑ ተተክሎ በቆየባቸው ቀናት እኔና ቶሎሳ ለቅሶውን በአቅራቢ መነጽር ደረስነው። እሱ ያያል፤ ይነሣል፤ ምሽጉን ይዞራል፤ መነጽሩን ይቀማኛል። «አዛዡ ገቡ» ይላል። «ወጥ ቤቱ ገባ። ያ ሰነፍ የሬዲዮ ኦፕሬተር እንኳ ገባ።» እኔም አልተቀመጥኩም። ሰው ባልሠራው ጥፋት ሲሸሸግ ሰውነቱ ያሳክከዋል መሰለኝ። ማልቀስ አማረኝ፤ አፈርኩ።

መቶ አለቃው ጥንቃቄውን ጨመረና ለተወሰነ ጊዜ ሱቁም ጋ እንዳንደርስ ከለከለን። ሲጋራ ከሌላ ሱቅ ገዛን። ስንመለስ ሸምሱ ሲጋራውን ሰጥቶኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

«አላህ ያጽናህ» አልኩት።

«ሥራ በዝቶባችሁ ነው» አለ። ቶሎሳ ደጃፉ ላይ ያለውን የአሮጊቷን ባዶ በርጩማ እያየ ቆሞ ቀረ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

ያም ሆኖ ሸምሱ ቃሉን አላጠፈም። በሚቀጥለው ገበያ «የምዕራብ ሰው ባትሪ ጨረሰብኝ» ብሎ አማረረ። ቀጥሎም ጨው በጆንያ፣ ኮንጎ በደርዘን ወደ ምዕራብ መሄዱን ሰማን። ጠላት በነቀምት መንገድ ፊት ለፊት ሊመጣ ነው ማለት ነው። መቶ አለቃው ሬዲዮውን አስደመጠ፤ ዝም ነው። ሸምሱ ዋሽቶን አያውቅም። ሪፖርቱ ለአዛዡ ደረሰ፤ አዛዡም ሁለት ሻምበል ጦር ከነዲሽቃው ወደ መንገዱ አወረዱ። ጉብታው ላይ አንድ የመቶ ብቻ ቀረ፤ እኛም ከነሱ ጋር።

እኔ ዕረፍት አጣሁ። እተኛለሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ እነሣለሁ። ቶሎሳም እንዲሁ። አንድ ቀን ገበያ ውሎ ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ደሳለኝ፣ የካቺሲ ሰው አንድም ገበያ አልወጣም» አለኝ። «አክስቴ እንኳ ቀርታለች። እሷ ገበያ የምትቀረው ስትታመም ነው።»

ወዲያው ለመቶ አለቃው ነገርነው። አላቃለለውም። ካርታው ላይ አጎንብሶ ጥፍሩን ነከሰ። «ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ይሆናል» አለ። ቀና አለና «ይሆናል ማለት ግን ሥራችን አይደለም። ቶሎሳ፣ ሊነጋ ሲል ሁለት ሰው ይዘህ ወደ ሰሜን ውረድ። አይተህ ተመለስ» አለው።

ቶሎሳ ሲወርድ ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦት ነበር። ዞር ብሎ «አክስቴን ካገኘኋት ገብስ ቆሎ አመጣልሃለሁ» አለኝ። ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሰማዩ ገና አመድ ነበር። ከታች አንድ ጥይት ጮኸ። ከዚያ ብዙ። የሬዲዮው ድምፅ ተሰማ፤ ቶሎሳ ነው።

«ሰሜን ነው! ሰሜን ነው! ከመንገዱ አይደለም! ብዙ...»

ሬዲዮው ዝም አለ።

መትረየሳችን የተጠመደው ወደ ምዕራብ ነበር። ተሸክመን አዞርነው። ጉም ላይ ተኮስን። የሚተኮስብን እንጂ የሚተኩሰው አይታይም። ላውንቸር የግራውን ምሽግ አፈረሰው። መቶ አለቃው የሬዲዮውን እጀታ ይዞ መንገድ ላይ ያለውን ጦር ይጣራል፤ «ተመለሱ፣ ጉብታው ተያዘ፣ ተመለሱ!» ሦስተኛውን ጊዜ ሲጀምር ዝም አለ። ዞሬ ሳየው እጀታውን እንደያዘ ተደፍቷል። እጀታውን ከእጁ አስለቀቅሁና እኔ ጠራሁ። ቁልቁል የወረደው ጦር ዳገቱን ሲመለስ እያየን ጠላት ከላይ መታው። ጀርባችን ለከተማው፣ ፊታችን ለጉሙ ሆኖ እየተኮስን አፈገፈግን። ረፋድ ላይ ጌዶ ከእጃችን ወጣች።

ጉደር ድልድይ ላይ ስም ተጠራ። «ቶሎሳ» ሲባል «አቤት» የሚል ጠፋ። ጠሪው ደግሞ ጠራው። ሦስተኛ እንዳይጠራው ጮኼ ከለከልኩት።

ሻለቃ በላቸው ወደኔ መጡ። አቧራ ፊታቸው ላይ ጭቃ ሆኗል። «ያ ቁጥር ማን ነው?» አሉኝ። «ምዕራብ ነው ያለን ሰው ማን ነው?»

ሁለት ሰዎች ያንን ስም ይዘው ሞተዋል። እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። ልቤ «ሸጦናል» እያለ አፌ ስሙን አልሰጣቸውም። ከሳምንታት በኋላ ጦሩም መንግሥቱም ተበተነ። እኔም ልብሴን ቀይሬ አምቦ እናቴ ቤት ገባሁ።

ያንን ክረምት እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚዞርብኝ። ሸምሱ ሸጠን? ከሸጠን ለምን? ዝናቡ ባባራ ቀን ወደ ጌዶ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ሄጄ ምን እንደማደርገው ራሴም አላውቅም ነበር።

ሱቁ ክፍት ነው። ከባንኮኒው ኋላ የከሳ ወጣት ቆሟል። የሸምሱ ልጅ መሆኑን ከአፍንጫው አወቅሁ፤ ከሰሜን ጦር ግንባር በእግሩ ተመልሷል። ሸምሱ ከጓዳ ወጣ። አየኝ። ልጁን «ሻይ አምጣ» ብሎ አስወጣውና በሩን ገርበብ አደረገው።

«ምዕራብ ነው አልከን» አልኩት። ሰላምታም አልሰጠሁትም።

«ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ።»

«ሰዎቹ ግን ከሰሜን መጡ! ቶሎሳ ሞተ! መቶ አለቃው ሞተ!»

«አውቃለሁ። ተቀመጥ።»

አልተቀመጥኩም። እሱ ጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ድሮ እኛ የምንቀመጥበት ላይ።

«እናቴ የሞተች ጊዜ» አለ፣ «ከምዕራብ የሚመላለስ አንድ የከብት ነጋዴ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ደንበኛዬ ነው። ወታደሮቹ ሲገቡ ሲወጡ ያያል። ‹ኦቦ ሸምሱ› አለኝ፣ ‹እነዚያ ሁለቱ ወታደሮች ዕረፍት ወጡ እንዴ? ሁልጊዜ ሱቅህ የሚውሉት?› አለኝ። ‹እንጃ› አልኩት። እኔም ከፍቶኝ ነበር። ለምን እንደቀራችሁ አልገባኝም ነበርና።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያ ሰው በየገበያው ይመጣ ጀመር። ባትሪ ድንጋይ ይገዛል፣ ጨው ይገዛል፣ ኮንጎ ይገዛል። ሌሎችም ከምዕራብ መጡ፤ ገዙ። እኔም እንደልማዴ ለእናንተ አማረርኩ። ጋራው በተያዘ ማግሥት ሰውየው ጠመንጃ አንግቶ እዚሁ ሱቄ መጣ። የነሱ የወሬ ሰው ኖሯል። ‹አትፍራ፣ አንነካህም› አለኝ። ‹ወጥ ቤቱ ሳይቀር ለእናትህ ሲያለቅስ በየቀኑ ጆንያህ ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ቀሩ። ሰው እንዲህ የሚሸሸው የሚደብቀው ሲኖረው ነው። ከዚያ ወዲህ ልንልክላቸው የፈለግነውን በአንተ ላክን› አለኝ።»

ቁጭ አልኩ። መሬቱ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ከፊቴ ያለው ሰው ቅር ብሎትም ሠርቶልናል። እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በሐሳቤ ስገድለው ነበር የከረምኩት።

«በዚያን ቀን ብትመጡ ኖሮ ከከተማው ሰው መሐል ማን ለይቶ ያያችሁ ነበር?» አለኝ ሸምሱ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጉብታዋ ላይና ዳገቱ ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ነው የቀረብን። ሃያ ስድስቱን የጌዶ ሰዎች አፈላልገው ቀብረዋል። አምስቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ከጠላት ወገን የሞቱትም እንደኛው ለአለቃ የታዘዙ ልጆች ነበሩ፤ የነሱን ቁጥር የሚነግረኝ አላገኘሁም። መረጃ ስሠራ ኖሬ የማላውቀው ነገር ብዙ ነው። ጠላት የሚሄድበትን መንገድ ለማወቅ ስንቱን ጨውና ባትሪ ድንጋይ ቆጠርን፤ እኛ የቀረንበትን ቦታ የሚቆጥር ሰው መኖሩን ግን አላሰብንም። ይህን የምጽፈው መቶ አለቃ ጌታሁንን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ሰው እንዳይሞትበት ፈርቶ ነው ያንን ያዘዘን፤ ያ ሰው ደግሞ አልሞተም።

ሻዩ መጣ። አልጠጣሁትም። «ቶሎሳን የት ቀበራችሁት?» አልኩ።

«ማርያም ቤተ ክርስቲያን። ቄሱን አስጠርቼ በሥርዓቱ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከካቺሲ ዘመድ ሊመጣለት አልቻለም። ስለዚህ ለቅሶውን እኔ ተቀመጥኩለት። ምንጣፍ አነጠፍን።»

«ሰው መጣ?»

«ከተማው በሙሉ» አለኝ ሸምሱ። ዓይኑን ጠረገ። «የከብት ነጋዴውም መጥቶ ነበር። ጠመንጃውን በር ላይ ትቶ ገባ፤ እንደማንኛውም ሰው ተቀምጦ አለቀሰ።»